የደፈንኳቸው ቀዳዳዎች

ወለሉ መሬት የማይነካ ቤት መኖሩን ናይሮቢ ቤት እስክገዛ ድረስ አላውቅም ነበር። ያደግሁት ሲሚንቶ ላይ ነው፤ ቤት ማለት መሬት ላይ ቁጭ የሚል ነገር ነበር ለኔ። ከዌስትላንድስ ጀርባ የገዛሁት አሮጌ ቤት ግን የጣውላ ወለሉ በድንጋይ እግሮች ላይ ነው ያረፈው። ከስሩ ሰው በደረቱ ተስቦ የሚገባበት ጨለማ ክፍተት አለ። በውጭው ግድግዳ ዙሪያ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብለው፣ ጡብ ጡብ የሚያክሉ አሥራ አንድ ቀዳዳዎች ነበሩ።

አሥራ አንዱንም ያስደፈንኳቸው እኔ ነኝ። ቶሎ ልናገረውና ይውጣልኝ፤ ስንት ጊዜ ስደብቀው ኖሬያለሁ።

እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴ ከአዲስ አበባ መጥቶ አብሮኝ ሊኖር ነበር። አስም አለበት። እነዚያን ቀዳዳዎች ሳይ የታየኝ ብርድ ብቻ ነው። የኛ ሰው ከንፋስ ጋር ያለውን ጠብ ታውቁታላችሁ፤ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ተነስቶ መስኮት የሚዘጋ ሰው ካያችሁ፣ ሀበሻ ነው። የናይሮቢ ሐምሌ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። "በዚህ ገብቶ ደረቱን ይመታብኛል" አልኩና፣ እሱ ሳይመጣ በሲሚንቶ አስለሰንኳቸው። በመጣ ማግስት ቤቱን ሲዞር ልስኑን በምርኩዙ ነካ ነካ አደረገና፣ "እነዚህ ምን ነበሩ?" አለኝ። "የብርድ መግቢያ" አልኩት፣ ኮራ ብዬ።

ረጅሙ ዝናብ ሲመጣ ቤቱ መሽተት ጀመረ። የእርጥብ ጆንያ ሽታ። ሳሎን ውስጥ ጣውላው ጫፍ ጫፉን ቀና ቀና አለ፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ነጭ ሻጋታ ወጣ። አባቴ ይስል ጀመር። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት፣ ከዚያ ምግብ መሃል፣ ከዚያ እያወራ ቃሉን ሳይጨርስ። በቀን ሁለቴ ይስበው የነበረውን የአስም ፓፍ ከኪሱ ማውጣትና መመለስ ሥራው ሆነ።

ጎረቤቴ አንድ ሽማግሌ ፈንዲ ላከችልኝ። ናይሮቢ ውስጥ ግንበኛውም፣ አናጢውም፣ ቧንቧ ሠሪውም ፈንዲ ነው። ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር መጣ፤ ቦርሳ የለ፣ መሣሪያ የለ፣ ወረቀት የለ። ካፖርቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለና፣ የስልኩን መብራት በጥርሱ ይዞ ከወለሉ ስር ተሳበ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ እስከ ቅንድቡ ቀይ አፈር ለብሶ ወጣ።

"ማማ፣ አሸንዳው የጣራውን ውሃ ከቤቱ ስር ነው የሚተፋው። ቱቦውን ያርቁት። እነዚህን ቀዳዳዎች ይክፈቱ። ከዚያ ሁለት ሦስት ወር ይጠብቁ።"

"ምን ልግዛ?"

"ምንም አይግዙ።"

ምንም አይግዙ! ናቅኩት። እንዲህ ዓይነት ባለሙያ ደግሞ አለ እንዴ ብዬ። እኔ የምውለው ጊጊሪ፣ ሁሉ ነገር ሪፖርት ባለበት መሥሪያ ቤት ነው፤ ሪፖርት ያልወጣለት ነገር እውነት አይመስለኝም። ደግሞስ "ይክፈቱ" ማለቱ "የዘጓቸው እርስዎ ነዎት" ማለት አይደል? ያንን ለመስማት ጆሮ አልነበረኝም። አመስግኜ ሸኘሁት።

ሁለተኛው ሰው የኛው ነው። ቸርች የምንተዋወቅ፣ በየሳምንቱ የቤት ኅብረት አብረን የምንጸልይ ኮንትራክተር። በነጭ ፒክአፕ፣ በተተኮሰ ሸሚዝ መጣ። ገና ሳይቀመጥ ሳሎኔ መሃል ቆሞ ጸለየ፤ እኔም "አሜን" አልኩ። ከዚያ ሁለት መርፌ ያለው ትንሽ መሣሪያ አወጣና ጣውላው ላይ ሰካው። መሣሪያው ጮኸ፣ ቀይ መብራት በራ። "አየሽ እህቴ? ይሄ ከከርሰ ምድር የሚወጣ ውሃ ነው። ከነሥሩ መቁረጥ አለብን። ከስር ላስቲክ እናነጥፋለን፣ እንጨቱን ካትራሜ እንቀባለን፣ የቀረ ቀዳዳ ካለ እንዘጋለን። አሥር ዓመት ዋስትና እሰጥሻለሁ።"

አባቴ ከወንበሩ ቀና አለ። "ልጄ፣ ከስር ገብተህ አይተኸዋል?"

"አባባ፣ መሣሪያው ያይልናል።"

"መሣሪያው እርጥብ ነው አለህ። እርጥብ መሆኑንማ እኔም በአፍንጫዬ አውቄዋለሁ። ውሃው ከየት እንደመጣ ነገረህ?"

ሰውየው ፈገግ አለ፤ እኔ ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። "አባዬ፣ በሞቴ ተው፣ ሥራውን ይሥራበት!" አልኩ። የእግዜር እንግዳ ፊት፣ እንደ ሕፃን ዝም አሰኘሁት።

ማብሰያ ቤት ተከትሎኝ መጣ። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የእህል መጋዘን ኃላፊ ነበር። ስለ እርጥበት ከሚያውቀው ሩቡን እኔ ስለ ራሴ ሥራ አላውቅም። "ስሚ" አለኝ፣ በሁለት ቃል መሃል እየተነፈሰ። "ጆንያ መሬት ላይ አይደረደርም። እንጨት ይረበረብና ከስሩ አየር እንዲሄድ ይደረጋል። አየር ካልሄደ፣ ደረቅ ሆኖ የገባው እህል ራሱ ይሻግታል። ብዙ ተቆጣጣሪ ይመጣብን ነበር፤ በር ላይ ቆሞ የሚፈርመውን አላምንም፣ እጁን ከጆንያው ስር የሚከተውን ነው የማምነው። ቀዳዳዎቹን አስከፍቺና እንየው።"

"ብርድ ይገባላ! ለማን ብዬ የደፈንኳቸው መሰለህ?" አልኩት። "ደግሞ እባክህ ሰው አታሳፍርብኝ፤ እሁድ እሁድ ዓይን ለዓይን የምንተያይ ሰዎች ነን።"

ውለታዬን አፉ ላይ ለጠፍኩበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ቀዳዳዎቹ አንዲት ቃል አልወጣውም። በልጁ ቤት የሚኖር ሰው ነዋ፤ ይሉኝታ ያዘው። እኔን ደግሞ የኮንትራክተሩ ይሉኝታ ይዞኛል። ሁለታችንም በጨዋነት ተቀምጠን ቤቱ ከስራችን ይበሰብሳል።

ሥራው በአራት ቀን አለቀ። ሠራተኞቹ ካትራሜውን ቀቡ፣ ላስቲኩን አነጠፉ፣ ከወለሉ ስር የሚገባበትን መግቢያ ሳይቀር አሸጉት። አለቃቸው ከስር መግባቱን አላየሁም፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ ነጭ ነበር። በላስቲክ የታሸገ የዋስትና ወረቀት ሰጠኝ።

በቀጣዩ ዝናብ ሽታው ባሰበት። ደወልኩ፤ "እየደረቀ ስለሆነ ነው የሚሸተው እህቴ፣ ታገሺ" አለኝ። ታገስኩ። እንደገና ደወልኩ፤ "አየሩን የሚያደርቅ ማሽን ይጎድለዋል፣ አስመጣልሻለሁ" አለ። ለሦስተኛ ጊዜ ስደውል፣ "በጸሎት እንያዘው" አለኝ። እኔ ጸሎት አልንቅም፤ ጸልዬ የተቀበልኩት ብዙ ነገር አለ። ግን ተንበርክኮ ከወለል ስር መግባት ያቃተው ሰው በጸሎት ሲሸሸግ ቅጥል ነው ያልኩት። አሁንም ኅብረታችንን እሱ ነው የሚመራው። ጌታ ይይለት፤ እኔ ይቅር አላልኩትም።

አባቴ ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኛ። ሐኪሟ ከሳንባው በፊት ስለ ቤቱ ጠየቀችኝ። "ሻጋታ አለ? የሚተኛበት ክፍል ይሸታል?" አለች። ሁሉንም "አዎ" አልኳት። ሳንባው እንደ ድሮው እንደማይሆን፣ ያለውን ይዞ እንዲቆይ መጠንቀቅ ብቻ እንደሚቻል ነገረችኝ። ከወጣ በኋላ ተጋድሞ መተኛት ስለማይችል ወንበር ላይ ተደግፎ ነው የሚያድረው። አዳሩን ትንፋሹን ስቆጥር ራሴን ረገምኩ።

ሽማግሌውን ፈንዲ በስንት ፍለጋ አገኘሁት። መጣ፤ "ነግሬዎት አልነበር?" አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ሳሎን ውስጥ አንዱን ጣውላ ሊያነሳ ሲል እጁ ላይ እንደ ዳቦ ተፈረፈረ። ከስር፣ አሥር ዓመት ዋስትና ያለው ላስቲክ ላይ፣ የጣራዬ ውሃ ተኝቷል። ካትራሜ የተቀባው ሞራሌ ከውስጥ ረጥቦ ሲነካው ቅርፊቱ ተላጠ። ውሃው ከከርሰ ምድር አልመጣም፤ ከአሸንዳው ነው የመጣው፣ ልክ ሽማግሌው መጀመሪያ እንዳለው። መውጫ ያሳጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ። "ፖሌ፣ ምዜ" አለው ፈንዲው ለአባቴ፣ አይዞህ ሽማግሌው ማለቱ ነው። አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር።

ፈንዲው ወደ ውጭ ወጣና የግድግዳውን ልስን በመዶሻው እጀታ አንኳኳ። እየዞረ አሥራ አንዱንም ቆጠረ። ከዚያ እኔ ፊት መጥቶ ቆመ።

"ማማ፣ እነዚህን ማን ነው የዘጋቸው?"

በእንግሊዝኛ ነው የጠየቀኝ። አባቴ ደግሞ ከእርዳታ ስንዴ ጋር ከሚመጡ ሰዎች ጋር ስንት ዓመት የሠራ ሰው ነው፤ እንግሊዝኛው ከኔ አያንስም። አጠገቤ ነው ያለው። እያንዳንዷን ቃል ይሰማል።

"ከኔ በፊት የነበሩት ሰዎች" አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ፈንዲው አላመነኝም መሰለኝ፣ ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ ፓፉን ከአፉ አወጣ። የምትወጣው ትንፋሽ ለአንድ ዓረፍተ ነገር አልበቃችውም፤ ሁለቴ አርፎ ነው የተናገረው።

"አዎ፣ የድሮዎቹ ናቸው" አለ። "ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ብርድ ፈርተው ነው።"

ፈንዲው ራሱን ነቀነቀና መዶሻውን አነሳ።