ዘጠኝ ጠዋት የተጻፈ ሥራ

ባለ ሦስት ፎቁ ክሊኒክ ውስጥ የጽዳት ሠራተኞቹን የምትመራውን ሴት ሁሉም «እትዬ ዝርዝር» ነው የሚላት። የጓንት ካርቶን ቆርጣ በክር ትሰፋና፣ ጠዋት ጠዋት የቀኑን ሥራ ቁልቁል ትጽፍበታለች። «የሁለተኛ ፎቅ መጋረጃ ይታጠብ። በረኪና ይጠየቅ። ሰባት ቁጥር ክፍል ቧንቧው ያንጠባጥባል፤ ይነገር።» ያለቀውን በመስመር ትሰርዘዋለች፤ ያላለቀው ለነገው ዝርዝር አናት ላይ ይወጣል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አንድም ነገር ከእጇ አምልጦ አያውቅም። ቤቷም ያው ነው፤ ባሏ «እኔንስ ስንተኛ ተራ ላይ ጽፈሽኛል?» እያለ ይቀልድባታል።

አንድ ሰኞ የደረጃው የእንጨት መደገፊያ ከግድግዳው ተላቆ አገኘችው። ጻፈችው። ወዲያውም ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብታ ነገረቻቸው። አናጺውም እዚያው ቆሞ ነበር።

«እንጨት ካልተፈቀደልኝ በምን ልጠግነው?» አለ።

«እፈቅዳለሁ፣ ምን አስቸኮላችሁ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

በማግስቱም ጻፈች፣ ነገረች። በሦስተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ «አንቺ ሴትዮ፣ እንደ ዝንብ ጆሮዬ ላይ አትዙሪብኝ!» ብለው ሳቁባት። መደገፊያውን በፋሻ ብታስረው «ለሰው ዓይን አያምርም» ብለው አስፈቱባት። ቢሆንም አልታከተችም፤ በየጠዋቱ የዝርዝሯ አናት እሱ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንድ አዛውንት ከፎቅ ሲወርዱ ተደገፉት። ከነመደገፊያው ተንከባለሉ። ዳሌያቸው ተሰበረ።

ልጆቻቸው «ተጠያቂው ማነው?» ብለው መጡ፤ ስብሰባ ተጠራ። ሥራ አስኪያጁ ዓይናቸውን ሳያሹ «እኔ ጋ የደረሰ ነገር የለም» ሲሉ የሴትየዋ ደም ፈላ። ሮጣ ሄዳ የካርቶን ጥራዟን አመጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ይኸው! ሰው ቢክድ ጽሑፍ አይክድም።»

ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አገላበጡት።

«የደረጃ መደገፊያ... የደረጃ መደገፊያ... ዘጠኝ ጊዜ!» ቀና አሉ። «ዘጠኝ ቀን ሙሉ ስታውቂ ኖረሻል ማለት ነው። ለማን ነገርሽ? እስቲ ስሜን እዚህ ውስጥ አሳዪኝ።»

ጣቷ ከመስመር መስመር ሮጠ። «ይነገር» ይላል እንጂ ለማን እንደተነገረ አይልም። ጥገና የሚያዝ ሌላ ማን አለና ነው ስም የምትጽፈው!

«አናጺው ሰምቷል፤ ይጠየቅ!» አለች።

አናጺው ጫማውን ጫማውን እያየ፣ «እኔ እንኳ... ትዝ አይለኝም» አለ። አራት ልጆች እንዳሉት፣ ኮንትራቱም ሊያልቅ ሁለት ወር እንደቀረው ታውቃለች። ማወቋ ግን አንጀቷን አላራሰውም።

በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ ከኃላፊነቷም ተነስታ መወልወያ እንድትይዝ ተወሰነ። ለዘጠኝ ቀን የጠፋው እንጨት በዚያው ቀን ከሰዓት ተገኘ፤ መደገፊያውም እንደ አዲስ ቆመ።

በእሷ ቦታ የተሾመችው ራሷ ሥራ ያስተማረቻት፣ ገና ጡት ያልጣለ ሕፃን ያላት ወጣት ናት። በነጋታው ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ አንገቷን ደፍታ መጣች።

«እትዬ፣ ከየት እንደምጀምር ጨንቆኛል። ይንገሩኝ፣ ልጻፍ።»

ልትቆጣት አሰበች፤ ልጅቷ ምን አደረገች? መወልወያውን ተደግፋ አንድ በአንድ ነገረቻት።

«የሦስተኛ ፎቅ መስኮት መስተዋቱ ተሰንጥቋል፤ ከሥር የሕፃናት መጠበቂያ ነው። እሱን ዛሬውኑ ተናገሪ። ስትናገሪ ግን እንደኔ አትሞኚ። የነገርሽውን ሰው ስምና ቀኑን ጎኑ ላይ ጽፈሽ አስፈርሚው።»

«ማንን ነው የማስፈርመው?»

«ሥራ አስኪያጁን ነዋ!»

ወጣቷ ዞር ብላ የቢሮውን በር አየች። ከዚያ ምንም ሳትጽፍ እስክሪብቶዋን ከደነች።