የፈሪዳ ክር

ደብረ ታቦር ገበያ፣ የልብስ ሰፊዎች ተራ ውስጥ፣ ከእኔ ክር መሸጫ ቀጥሎ ፈሪዳ ትቀመጥ ነበር። ኦቨርሎክ የሚባለውን የመዘምዘሚያ ማሽን እንደ እሷ የሚያውቅ አልነበረም። ጠርዙን በማሽኑ ቢላ እያስቆረጠች፣ እያስጠቀለለች በቀለም ክር ስትዘመዝመው ተራው ሻሽ የሙሽራ ሻሽ ይሆናል። ከገሳይና ከአንበሳሜ ሳይቀር እሷን ብለው ይመጡ ነበር። ታዲያ ኩራቷ አይጣል ነው። ምላሷም ከማሽኑ ቢላ ይብስ ነበር።

ማሽኑ የሟች ባሏ ወንድም የሙሳ ነው። ሙሳ የእኔንም ሱቅ ጨምሮ የተራውን ግማሽ የሚያከራይ ሰው ነው። "ማሽኑ ለሚሠራበት ነው" ይላል፤ ዘመድ ብሎ ነገር አያውቅም። ሚስቱን ነጅሚያን ሥራ እንድትለምድ ብሎ ፈሪዳ አጠገብ አስቀመጣት። አራት ዓመት ሙሉ ፈሪዳ አንድ ቀን እንኳ ክር እንድታስገባ አልፈቀደችላትም። ነጅሚያ የዘመዘመችው ትንሽ ከጠመመ ፈሪዳ ደንበኛ ፊት ዘርግታ፣ "ይሄን ፍየል ናት ያኘከችው?" ትላለች። ነጅሚያ እጇን ወደ ክሩ ከዘረጋች ደግሞ፣ "ተይ! ክር የሚያስገባ ማሽኑን የሚያውቅ ነው!" እኛ እንስቃለን፤ ነጅሚያ አንገቷን ትደፋለች።

የዚያ ማሽን ክር ማስገባት የዓይን ሥራ ነው። ሦስት ክር በየማጠፊያው ዞሮ፣ በጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ ማለፍ አለበት፤ አንዱ ከሳተ አይሰፋም። ፈሪዳ ግን ቀለም ስትለውጥ አሮጌውን ክር ከጥቅሉ ትቆርጥና የአዲሱን ጫፍ ትቋጥርበታለች። ሳብ ስታደርገው አዲሱ የአሮጌውን መንገድ ተከትሎ ይወጣል። ቋጠሮዋ ከማነሷ የተነሣ በመርፌው ዓይን ታልፍ ነበር። ብልሃት መስሎን ነበር።

አንድ ቀን ነጭ ክር ጠይቃኝ ተሳስቼ ቢጫ ሰጠኋት። በአውራ ጣቷ ዳበሰችና፣ "ጥሩ ነጭ ነው" አለችኝ። ቀይሬ ሰጠኋት። በማግስቱ ሆን ብዬ ቡናማውን "ቀይ ነው" ብዬ አቀበልኳት፤ አመስግና ተቀበለች። ለካ ዓይኗን ሞራ ሸፍኖታል! የምትሰፋው በጣቷ ነው፤ ቀለሙን የምታውቀው እኔን አምና ነው። ሐኪም ዘንድ ብትሄድ ይገፈፍላት ነበር፤ ግን ለአንድ ሳምንት ከወንበሩ ከተነሣች ማን እንደሚቀመጥበት ታውቃለች።

እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ ሆዴ ውስጥ አያድርም። ለሳቅ ብዬ ለነጅሚያ ነገርኳት። ነጅሚያ አልሳቀችም።

የጀሚላ ልጅ ሠርግ ሳምንት ነበር። ጀሚላ የተራችን ትልቋ ደንበኛ ናት፤ የሚዜዎቹን ነጫጭ ሻሾች በወርቃማ ክር ልታስዘመዝም ይዛ መጣች። ፈሪዳ ለቀትሩ የዙህር ሶላት ሄዳ ነበር። ነጅሚያ ጎንበስ አለችና ሦስቱንም ክር ከማሽኑ መዘዘቻቸው። ሌላ ምንም አላደረገችም። ከዚያ ሰው ልካ ባሏን አስጠራች። ሁሉንም አይቻለሁ፤ ክሬን መደርደሬን ቀጠልኩ።

ፈሪዳ ተመለሰች። "ሻይሽን ሳትጨርሺ አደርስልሻለሁ" አለቻት ጀሚላን፤ ተቀመጠችና የአሮጌውን ክር ጫፍ ፈለገች። የለም። ከታች ዳበሰች፤ እዚያም የለም። ፊቷ ተለዋወጠ።

"ነጅሚያ፣ ክሩን ማን ነካው?"

"ተበጥሶ ነው እትዬ" አለች ነጅሚያ በለዘበ ድምፅ። "ያስገቡት እንጂ። ክር የሚያስገባ ማሽኑን የሚያውቅ ነው።"

ፈሪዳ የክሩን ጫፍ በምራቋ አርጥባ ሞከረች፤ ሳተች። ደግማ ሳተች። በተራው ያሉ ማሽኖች አንድ በአንድ ቆሙ። ጀሚላ ሻይዋን ጨረሰች። ሙሳ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ፈሪዳ ቀዳዳውን ስትዳብስ ጣቷ ቢላውን አገኘው፤ ደሙም ነጩ ሻሽ ላይ ጠብ አለ። ጀሚላ ሻሹን ነጠቀቻት።

"አለሙ" አለችኝ ፈሪዳ ቀስ ብላ፣ "ና አስገባልኝ። ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገብቶ ነው።"

ማስገባት እችላለሁ። ማሽኑ ሲፈታና ሲገጠም ስንቴ አይቻለሁ። ሙሳን አየሁት።

"እኔ ክር ሻጭ ነኝ" አልኳት።

"አይድከሙ እትዬ" አለች ነጅሚያ። "አለሙ ሁሉንም ነግሮኛል።"

ፈሪዳ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኖቿ ከትከሻዬ በላይ የሆነ ቦታ ላይ አረፉ። ሙሳ "ተነሽ" አላት። ነጅሚያ ተቀምጣ ሦስቱንም ክር ቶሎ ቶሎ አስገባች፤ ያን ሁሉ ዓመት አንገቷን ደፍታ የፈሪዳን እጆች ስታይ ነበር የኖረችው።

አሁን ፈሪዳ እዚያው ሱቅ፣ ለሐኪም በማይበቃ ክፍያ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የተንጠለጠለ ክር በመቀስ ትቆርጣለች። መቀሱ ጨርቁን ከነካ ነጅሚያ ደንበኛ ፊት ዘርግታ፣ "ይሄን ፍየል ናት ያኘከችው?" ትላለች። እኛም እንስቃለን። ከተራው ሰው ሁሉ የባስኩት እኔ ነኝ፤ አውቀዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ፈሪዳ ወደ እኔ መጣች። ለኢድ የራሷን ሻሽ በእጇ ልትዘመዝም ነጭ ክር ፈለገች። መርጬ ንጹሑን ነጭ ሰጠኋት። በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፤ አላመነችኝም። ክሩን ወደ ተራው ከፍ አድርጋ፣ "እናንተ፣ ይሄ ነጭ ነው?" ብላ ጠየቀች።

"ጥቁር ነው እትዬ" አለች ነጅሚያ ከማሽኑ ሳትነሣ።

ተራው በሳቅ ፈነዳ። ፈሪዳ የባንኮኒዬን ጠርዝ በጣቷ ፈልጋ፣ ክሩን እንዳይወድቅ አድርጋ አስቀመጠችው። ነጭ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ሙሳ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ መልሼ ዘጋሁት።