የአያቴ ውጅግራ

አሰብ ከቀትር በኋላ ዝም ይላል። ባሕሩ ከነጩ ሰማይ ጋር ተቀላቅሎ የት እንደሚጀምር አይታወቅም። አጎቴ ከነዳጅ ማጣሪያው የጠዋት ፈረቃውን ጨርሶ ሲመለስ፣ እኔ በውሃ የራሰ ሻሽ ራሴ ላይ ጥዬ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ትንንሽ ወታደሮች ቀለም እቀባለሁ። ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ከወሎ እሱ ዘንድ ከመጣሁ ወዲህ ይህን ሥራ ለምጄዋለሁ። ሰው ፊት መናገር ስለሚከብደኝ፣ ከጣት ከማይበልጡት የእርሳስ ሰዎች ጋር መዋል ይስማማኝ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን አጎቴ ያገኛቸው አገሩን ለቆ ከሚሄድ አንድ ጣሊያን ነው። ሌሎቹን የበይሉል ዓሣ አጥማጆች ከአሮጌ መረብ ላይ ፈትተው የሚሰጡትን እርሳስ እያቀለጠ ራሱ ይሠራቸዋል። የሚያስጨንቀው መሣሪያቸው ነበር። ከጣሊያኑ ሳጥን የወጣውን የሐበሻ ዘማች ጠመንጃ፣ «ይሄ የውሃ ቧንቧ ነው እንጂ ጠመንጃ ነው?» ብሎ ነቅሎ ጥሎታል።

የፈረቃ ጓደኛው መጥቶ መደርደሪያውን ባየ ቁጥር ይስቅበታል።

«እነዚህን ቀበሌ እንዳያያቸው! ነገ ለብሔራዊ ውትድርና ይመዘግባቸዋል።»

«ይመዝግባቸው። አንተን ከሚወስዱ ይሻላል፤ እነዚህ ቢያንስ መሣሪያቸውን ጥለው አይሮጡም።»

እናቴ ልትጠይቀን እንደምትመጣ በሰማን ጊዜ አጎቴ አባቱን መሥራት ጀመረ። አያቴ በጣሊያን ጦርነት ዘምቶ በዚያው ቀርቷል። ፎቶግራፍ የለውም። አጎቴ ያኔ ገና የሚታዘል ልጅ ነበር፤ የሚያስታውሰው የለቅሶውን ቀን ብቻ ነው። ከሴቶቹ በአንዷ ጀርባ ላይ ሆኖ፣ ከሰዉ ራስ በላይ ከፍ ብሎ የተያዘ ረጅም ጠመንጃ አይቷል።

«የአባቴን ፊት አላውቀውም፤ ጠመንጃውን ግን አውቀዋለሁ» ይለኝ ነበር። «ውጅግራ ነው። አንድ ጎራሽ። እንደ ምንሽር ጥይት የሚያጠራቅም ሆድ የለውም።»

አፈሙዙ አጠረ ብሎ አቀለጠው፤ ሰደፉ ወፈረ ብሎ እንደገና አቀለጠው። ምኞቱ ታላቅ እህቱ፣ እናቴ፣ አይታ «አዎ፣ አባታችን ነው» እንድትለው ነበር። አያቴን በዓይኑ ያየ ከእሷ በቀር አልቀረም።

በመጨረሻ ውጅግራውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አስታቀፈውና ሰጠኝ። ቀለሙን ስቀባ ዓይኔ ይከደንብኛል። አያቴ በመስኮቱ ወርዶ፣ ጋቢው በነፋስ እየተነፋ፣ በነጩ ዳርቻ ወደ ራሔይታ ሲሄድ አየዋለሁ። አሸዋው ላይ ዱካ አይተውም። ስነቃ ቡሩሼ ደርቆ፣ እሱ መዳፌ ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ።

እናቴ በጭነት መኪና አቧራ ለብሳ ደረሰች። አጎቴ እስክትታጠብና እስክትበላ እንደ ልጅ ሲቁነጠነጥ ቆይቶ፣ ትንሹን ሰው መዳፏ ላይ አኖረላት።

«እታለም፣ ማን ነው?»

ወደ ብርሃኑ ወስዳ አየችው።

«ትከሻውስ የእሱ ነው... ጠመንጃው የማን ነው?»

«የአባባ ነዋ! ውጅግራው። በለቅሶው ላይ አይቼዋለሁ።»

«አዬ ወንድሜ! እሱማ የጎረቤታችን ነበር። የወንድ ለቅሶ ያለ ጠመንጃ ይወጣል? እማማ ለምና ነው ያመጣችው። ሰዉ ሲበተን መለስነው፤ እኔም ተከትያት ሄጃለሁ።»

«ታዲያ አባባ ምን ይዞ ዘመተ?»

«ዱላ። ጠመንጃ ከወደቀ ሰው አነሳለሁ ብሎ ነው የሄደው።»

እኔ መሬት መሬት አየሁ። አጎቴ ሰውዬውን ከእጇ ተቀብሎ፣ የማጣበቂያውን ብረት አግሎ ተቀመጠ። አባቱን ሊያቀልጠው ነው ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን ውጅግራውን ብቻ ቀስ ብሎ አላቀቀ። ሁለቱ እጆች ከደረቱ ፊት እንደተዘረጉ ባዷቸውን ቀሩ፤ ቀለም ያልነካቸው መዳፎች ያብለጨልጫሉ።

«ዱላ ልሥራለት?» አለ፣ ቀና ሳይል።

እናቴ ጎንበስ ብላ ብዙ አየች።

«ተወው። ከእርሻ ሲገባ እንዲህ ነበር እጁን የሚዘረጋው። አንተን ከእማማ ጀርባ ሊቀበል።» ባዶዎቹን መዳፎች በጣቷ ነካች። «አሁን አባባ ነው።»

አጎቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከወደቡ የመርከብ ጥሩምባ ይሰማ ነበር። ፊቱን ሲመልስ ውጅግራውን አንስቶ እርሳስ ወደሚያቀልጥበት ጣሳ ጣለው።

«የሰው ዕቃ አይደል? ይመለስ» አለ፤ እናቴም ሳቀች።

እኔ መዳፎቹን ቀለም ቀባሁ። አያቴን ከጠመንጃ ያዦቹ ሁሉ ፊት አቆምነው፤ አጎቴም ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ መጀመሪያ እሱ ዘንድ ይሄድ ነበር።