ጋሽ ሣህሉ ቁልቢ የወጡ ዕለት

ጋሽ ሣህሉ ድሬዳዋ ተወልደው፣ በምድር ባቡር ጋራዥ ሠላሳ አራት ዓመት ብረት ሲበይዱ ኖረው ጡረታ ወጡ። ያደጉት ሚሲዮን ነውና ካቶሊክ ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዝናሽ ግን ኦርቶዶክስ ናቸው። በየዓመቱ ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ ወደ ቁልቢ ገብርኤል ሲሄዱ፣ ጋሽ ሣህሉ መኪናው ድረስ ሸኝተው ይመለሳሉ። "እግዜር እዚሁ ሰፈራችን እያለ ዳገት ምን ያስወጣል?" ይሉ ነበር።

ዘንድሮ ልጃቸው የሺአረግ መጣችባቸው። ባገባች በዘጠኝ ዓመቷ፣ ለገብርኤል ተስላ ያገኘቻትን ሴት ልጅ ታቅፋለች። ሕፃኗ ሦስት ወር ሊሞላት ጥቂት ቀን ቀርቷታል።

"አባዬ፣ ክርስትናዋ ቁልቢ ነው። አንተ ከሌለህ ደስ አይለኝም።"

"ጉልበቴስ?"

"ቀስ እያልን እንወጣለን።"

እምቢ ሊሉ አስበው ሕፃኗን አዩና "እሺ" አሉ።

ሚኒባሱ የደንገጎን ጠመዝማዛ ጨርሶ ደጋው ላይ ሲወጣ፣ የድሬን ሙቀት የለመደ ገላቸው በብርዱ ተንዘፈዘፈ። ቁልቢ ሳይደርሱ መንገዱ በሰው ተዘጋና ወርደው በእግር ቀጠሉ። ጋሽ ሣህሉ ከጅቡቲ የገባ ባቡር ሰው ሲያራግፍ ስንቴ አይተዋል፤ እንዲህ ያለ ሕዝብ ግን አይተው አያውቁም። አንዱ ድንጋይ ተሸክሞ ያዘግማል። አንዲት አሮጊት በጉልበታቸው እየዳኹ ይወጣሉ፤ ልብሳቸው አፈር ሆኗል፣ ፊታቸው ግን ያበራል። ጋሽ ሣህሉ ስለ ራሳቸው ጉልበት ማጉረምረም አፈሩ።

ደጁ አጠገብ የሺአረግ ደከማትና ሕፃኗን ጋሽ ሣህሉ ተቀበሏት። ወዲያው ታቦቱ ሊወጣ ነው ተባለ፤ ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ገፋ። ወይዘሮ ዝናሽና የሺአረግ ከዓይናቸው ጠፉ። ጋሽ ሣህሉ መቆሚያ አጥተው ሕፃኗን ደረታቸው ላይ ለጠፉ።

"ሕፃን ይዣለሁ" አሉ፤ ድምፃቸው ለራሳቸው እንኳ አልተሰማም።

አጠገባቸው ጥላ የያዘ ጎልማሳ ግን ሰማ። "አቦ ቁሙ፣ ሕፃን አለ" አለና ክንዱን ከጎረቤቱ ክንድ ጋር ቆለፈ። ያም ከሌላው ጋር ቆለፈ። በቅጽበት ተያይዘው የማያውቋቸው ሰዎች አጥር ሆኑላቸው። ግፊያው የእነሱን ጀርባ እየመታ አለፈ።

"ስምህ ማነው ልጄ?"

"ሚክዳድ። ከሐርላ ነኝ። እናቴ ታማ ጥላ ተስላ ነበር፤ ዳነች። አቅሟ ገና ስላልተመለሰ እኔን ላከችኝ።"

"እስላም አይደለህም እንዴ?"

"ነኝ" አለ ሚክዳድ፣ ጥያቄው እንግዳ ሆኖበት።

እልልታው ከወዲያ ተነሣ። ታቦቱ ብቅ ሲል ያ ሁሉ ሕዝብ ነፋስ እንደመታው ማሽላ ጎንበስ አለ። ጫጫታው ተቆረጠ፤ የጸናጽሉ ድምፅ ብቻ ቀረ። ጋሽ ሣህሉ መቼ እንደተንበረከኩ አላወቁም። እንባቸው የሕፃኗ መጠቅለያ ላይ ይንጠባጠባል፤ እሷ ተኝታለች።

ሕዝቡ ረገብ ሲል ወይዘሮ ዝናሽና የሺአረግ እያለቀሱ አገኟቸው። ሚክዳድ ጥላውን ሊያስረክብ ሄዶ ነበርና ሳያመሰግኑት ቀሩ። ሕፃኗ ከብዙ መቶ ሕፃናት ጋር ተጠመቀች፤ ወለተ ገብርኤል ተባለች።

ሲመለሱ ወይዘሮ ዝናሽ "እንዴት አየኸው?" አሉ።

ጋሽ ሣህሉ "እዚህ ሥር ሰባ ዓመት ኖሬ፣ ገና ዛሬ ማየቴ" አሉና የሕፃኗን መጠቅለያ አስተካከሉ።

በማግስቱ እሑድ እንደ ልማዳቸው ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ሻማ አብርተው፣ ለአንድ የሐርላ ሰው እናት ጤና ጸለዩ።