ጥናቴን ያቀረብኩበት መጋዘን

መጋዘኑ ማዳበሪያ ይሸታል። የሐይቅ ከተማ ዙሪያ ገበሬ ዩሪያ የሚረከብበት ነበር፤ ያን ሰሞን እኛን እስረኞቹን አጎሩበት። ስገባ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ ሴቶቹ ያለቀስኩ መስሏቸው ቦታ ለቀቁልኝ። አላስተባበልኩም፤ ለማልቀስም ጥቂት ነበር የቀረኝ።

ጥፋቴ እናቶችን መሰብሰቤ ነው። የትምህርት ዶክትሬት ተማሪ ነበርኩ፤ ለጥናት ዕቅዴ አምባሰል ገጠር እየዞርኩ ሴት ልጆች ለምን ትምህርት እንደሚያቋርጡ እጠይቃለሁ። በዚያ በተረበሸ ጊዜ ሴቶችን ጥላ ሥር አስቀምጦ መጠየቅ ሌላ ስም ወጣለት፤ ቅስቀሳ ተባለ።

እኔን የጨነቀኝ ግን ሐሙስ ነው። ሐሙስ የጥናት ዕቅዴን መምህራን ፊት ማቅረብ ነበረብኝ። ካልቀረብኩ ወጪዬን የሚሸፍነው መሥሪያ ቤት እጁን ያነሳል፤ በመምህርነት ደመወዜ ደግሞ እንኳን ክፍያው መመላለሻውም አይቻልም። በክፍላችን ሴት እኔ ብቻ ነኝ፤ ከገጠር የመጣሁትም እኔው። ሌሎቹ ወይ ከፋይ አላቸው፣ ወይ የራሳቸው ኮሌጅ።

ሐሙስ ጠዋት ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ። ከአርዲቦ በኩል የመጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ ልጃቸው ተፈልጎ ሲታጣ በእሱ ፈንታ የታሰሩ። ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

"አብሽሪ እንጂ የኔ ዓለም! ምን ሆንሽብኝ?"

ነገርኳቸው። ሰምተው ወደ ሌሎቹ ዞሩ።

"እንግዲያ እኛ እንሰማታለና! ተነሱ፣ ነጠላችሁን አስተካክሉ።"

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሴቶቹ ግን በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ፊታቸውን አበስ አበስ አድርገው ተደርድረው ተቀመጡ። ቆሜ አቀረብኩ። ማንን ምን ብዬ እንደምጠይቅ አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

ማተብ ያሰረች የሐይቅ ገበያ ነጋዴ እጇን አወጣች። "እኔ ትምህርት ያቋረጥኩት ታናናሾቼን የሚይዝ ጠፍቶ ነው። እሱንስ ትጠይቂያለሽ?"

"እጠይቃለሁ" አልኳት።

"በሉ ዱዓ እናድርግላት" አሉ የአርዲቦዋ እናት። እስላሟም ክርስቲያኗም መዳፏን ዘረጋች። "ያ ጀሊሉ፣ አንተ አግራላት። ደጁን ክፈትላት።"

"አሚን!"

በሩ በእርግጥም ተከፈተ፤ ጠባቂው ፖሊስ ሊጠራኝ መጥቶ ነው። የወሎ ልጅ ነውና ዱዓ አላቋረጠም። ኮፍያውን አውልቆ፣ እጁን ዘርግቶ ቆመ፤ "አሚን" አለ። ዱዓው ሲያበቃ "ነይ፣ ምርመራ አለሽ" አለኝ።

መርማሪው ቀና ሳይል ጠየቀኝ። "ሥራ?"

"መምህር። የዶክትሬት ተማሪም ነኝ።"

"እዚህ ሆነሽ?"

"አዎ። ዛሬ ጥናቴን አቅርቤያለሁ።"

ትንሽ አየኝና ያልኩትን ጻፈ።

ዩኒቨርሲቲው ግን አቅርባለች ብሎ አልጻፈልኝም። ስፈታ ቦታዬ ለሌላ ተሰጥቷል፤ እንደገና ልጀምር ብዬ ስሄድ "በራስሽ ወጪ" ተባልኩ። አልቻልኩም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አሁንም ሐይቅ አስተምራለሁ። በቀደም የክፍል ጓደኞቼ የምረቃ ፎቶ በስልኬ ደረሰኝ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ ደስ ብሎኛል። ግን አጉልቼ ከዳር እስከ ዳር አየሁት፤ አንዲትም ሴት የለችም። "እንኳን ደስ አላችሁ" ብዬ መለስኩና ስምንተኛ ክፍል ገባሁ። ስም ስጠራ ሁለት ሴት ልጆች የሉም፤ ከሰኞ ጀምሮ አልመጡም አሉኝ። ተማሪ ሲለቀቅ እናቶቻቸው ዘንድ ሄድኩ። ለየትኛውም ጥናት አይሆንም፤ ብቻ ልጠይቃቸው ነው።