ልጄ ቦሊቪያ ሳለች

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ አሜሪካ ሴንት ፖል ከተማ ስንኖር፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ ልጄ ቦሊቪያ ሄጄ ላስተምር አለች። ሰው ከድህነት ሸሽቶ አሜሪካ ይመጣል፤ የኔዋ ከአሜሪካ ሸሽታ ወደ ድህነት ትሄዳለች ብዬ ተቆጣሁ። ማን ሰምቶኝ! ሄደች።

የምሠራው በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነበር። አብራኝ አንሶላ የምታጥፈው ሴት ቦሊቪያዊት ስለነበረች እሷን መጠየቅ ያዝኩ፤ ባልጠየቅኩ ይሻለኝ ነበር። ያደገችበት አምባ ከደብረ ብርሃን ይበልጥ ከፍ ያለና ብርዳም ነው፤ እንግዳ ሰው ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሰዎቹ ድንቹን ሌሊት ውርጭ ላይ ያሰጡና ጠዋት በእግራቸው ረግጠው ውኃውን ያወጡታል፤ ከዚያ አድርቀው ለዓመታት ያስቀምጡታል። እንዲህ ያለ ሕዝብ ልጄን አያስርባትም ብዬ ትንሽ ተጽናናሁ።

"ልጅህ በየት በኩል ነች?" አለችኝ። "ዩንጋስ" ስላት ማጠፏን አቆመች።

ዩንጋስ ከዚያ አምባ ወደ ቆላ የሚወርደው ሸለቆ ነው፤ ቡና፣ ብርቱካንና ኮካ የሚሉት እንደ ጫት የሚታኘክ ቅጠል ይበቅልበታል። መንገዱ ገደሉን ታክኮ የተፈለፈለ ሲሆን አጥር የለውም፤ ሁለት መኪና ከተገናኘ አንዱ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። ሾፌሮቹ ከመውረዳቸው በፊት እንድትጠብቃቸው ለመሬቷ መጠጥ ያፈሳሉ አለችኝ። "የተረፈውንስ ማን ይጠጣዋል?" ብዬ ጠየቅኳት፤ ወደ አንሶላዋ ተመለሰች። ሊማሊሞን በጭነት መኪና የወረድኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ገደል አስተማሪ አያሻኝም። ፈራሁ።

ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ትደውል ነበር። እንደኛ የጠቆሩ ሰዎች መንደር አግኝታ ደስታዋ ወሰን አጣ፤ ድሮ በባርነት የተወሰዱ አፍሪካውያን የልጅ ልጆች ናቸው፣ ሴቶቹ ግን እንደ አገሩ ነባር ሕዝብ እንደ አይማራዎቹ ሰፊ ቀሚስ ለብሰው ባርኔጣ ይደፋሉ። "አባዬ፣ ሲሪየስሊ፣ ዘመዳቸው መስያቸዋለሁ!" ትለኛለች። እኔ የምጠይቃት ስለ ዝናቡ ነው።

ከዚያ ሁለት ቅዳሜ ስልኩ ዝም አለ። ቦሊቪያዊቷ ወቅቱ የዝናብ ነው፣ አፈሩ ይናዳል አለችኝ። እህል አልወርድልህ አለኝ። ከኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖረው ያገሬ ልጅ ማታ ማታ እየወረደ "አይዞህ ጋሼ፣ ስልኩ ተበላሽቶ ይሆናል" እያለ ያጽናናኝ ነበር።

አንድ ማለዳ፣ ሚስቴ ከሌሊት ሥራዋ ሳትመለስ፣ በር ተንኳኳ። ስከፍት የእድራችን ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ካፖርታቸው ላይ ደርበው ቆመዋል። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ጎህ ሲቀድ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚመጣው። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ደጅህ ከቆመ ሰርግ ሊጠራህ አይደለም። የበሩን እጀታ እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አፋቸውን ሳይከፍቱ ልጄን በልቤ ቀብሬያት ነበር።

"ኧረ በስመ አብ! ያንተ አይደለም!" አሉ ትልቁ ሽማግሌ እየደገፉኝ። "ከላይ ያለው ጎረቤትህ እናቱ አርፈዋል። አንተ ቤት ተሰባስበን አብረን እንውጣ ብለን ነው።"

"ታዲያ ደውላችሁ ብትነግሩኝ ምን ነበረበት?" ብዬ ጮህኩባቸው።

"ስንደውል እሱ አጠገብህ ቢኖርስ?"

የሰው እናት ሞታ እኔ ተመስገን አልኩ። የልጄን ድምፅ የሰማሁት በሳምንቱ ነው፤ ጎርፍ ድልድይ ወስዶ መንገድ ዘግቶባት ነበር። ያን ጠዋት ግን የማውቀው መርዶው የኔ አለመሆኑን ብቻ ነው። ፊቴን ጠረግኩና ደረጃውን ወጣን። የምትቀርበው አንተ ነህ ብለው ከፊት አስቀደሙኝ።

ጎረቤቴ በሩን ከፈተ። ሽማግሌዎቹን አየ፣ ያበጠ ዓይኔን አየ። ከዚያ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተጠመጠመብኝና "ወይኔ ጋሼ! ልጅቷን!" ብሎ ማልቀስ ጀመረ።