ታርሶ አያውቅም የተባለው ተዳፋት

ባለፈው ኅዳር፣ ከዳባት በላይ ያሉት ጥንታዊ የእርሻ እርከኖች ለመንገድ ሥራ ድንጋይ እንዲፈርሱ ተወሰነ። ውሳኔው ቦታውን «ታርሶ የማያውቅ ተዳፋት» ይለዋል።

ትናንት ለጥንታዊ እርሻ ጥናቴ እርከኖቹን ልቀይስ ስወጣ፣ የማለዳ ፀሐይ የእያንዳንዱን እርከን ጥላ በሣሩ ላይ ዘርግታው ነበር። በልጅነቴ ይህን ጥላ ያሳዩኝ አያቴ ናቸው። እሳቸው እዚሁ ተዳፋት ላይ ለገብስ ሲያርሱ እኔ ከኋላ ድንጋይ እለቅም ነበር።

«አባባ፣ ይህን ደረጃ የሠሩት መላእክት ናቸው?»

«መላእክት ደግሞ መቼ እርፍ ጨብጠው ያውቃሉ፣ አንቺ ሞኝ!» ብለው ሳቁ። «ከእኛ በፊት ያረሱ ሰዎች ናቸው እንጂ። ማን እንደ ነበሩ አናውቅም፤ ያቆዩልንን አፈር ግን ይኸው እናርሳለን።»

የለቀምሁትን ድንጋይ ቁልቁል ልወረውር ስል እጄን ያዙኝ።

«ተይ! እርከኑ ላይ አኑሪው። እነሱም እንዲህ ነው የካቡት።»

አኖርሁት። በኋላ ስለ ጥንት እርሻ ብዙ መምህራን አስተምረውኛል፤ ተዳፋት ማየትን ግን ከአያቴ ነው የተማርሁት። ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ።

ለወሳኞቹ ጥያቄ አለኝ፤ «ታርሶ አያውቅም» ከማለታችሁ በፊት ከእናንተ ማን ቦታው ድረስ ወጥቶ አየው? ማፍረሱ ሳይጀመር በጽሑፍ መልሱልኝ።